በኦቦ ዲንሳ ጉልበት ላይ የወጣው ቀን

የኦቦ ፈይሳን መሞት የሰማሁት ጊንጪ መናኸሪያ ውስጥ ቆሜ ነው። ከአምቦ ከመጣው አውቶቡስ የወረደች አንዲት የድሮ ጎረቤታችን እጄን ይዛ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ዘገየው ዝናብ ብዙ ካወራችኝ በኋላ፣ ልንለያይ ስንል፣ «ያ ፎቶ አንሺውም ሞተልሽ» አለችኝ።

«የትኛው ፎቶ አንሺ?» አልኳት። ልቤ ግን አውቆታል።

«ያ የሚያነክሰው። ካሜራውን ወንዝ የጣለው።»

«ቀብሩ ላይ ነበርሽ?»

«ኧረ የገበያ ቀን ዋለብኝ! ሰውም ብዙ አልወጣም አሉ።»

ብዙ ሰው አልወጣም። አምቦ ውስጥ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፎቶ ግማሹ የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ሙሽራውን፣ ክርስትናውን፣ ተመራቂውን፣ ለመታወቂያ ብሎ ከደንዲ የወረደውን ገበሬ፣ ወደ ጦር ሜዳ የሚጫነውን ልጅ፣ ሁሉን ያነሱት እሳቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ፊት ገበያ ውሎ ነው የቀበራቸው።

እኔ በዚያ ዘመን አምቦ ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ። የተከራየሁት ክፍል ከኦቦ ፈይሳ ፎቶ ቤት ጋር የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ሳላቸውን ሳይቀር እሰማለሁ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ከራሳቸው ላይ ባርኔጣ የማይወርድ ሰው ነበሩ። የሰው አገጭ ቀና ሲያደርጉ በጣታቸው ጫፍ አይነኩም፤ በጣታቸው ጀርባ ነው። «ጣቴ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል» ይላሉ፤ የፎቶ ማጠቢያውን ማለታቸው ነው። ከዚያ ራቅ ብለው አንድ ዓይናቸውን ይጨፍኑና መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ «ትንፋሽ ያዙ!» ይላሉ። እኔን «ኢንተላ ኮ» ነበር የሚሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው አዴ አስካለ ልጅ አልነበራቸውም።

አረቄ ይወዳሉ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ በኋላ እንደ ትልቅ ወንጀል የተቆጠረባቸው እሱ ነውና።

ለብዙ ዓመት የሠሩበት የሩሲያ ካሜራ እያረጀ ሲያስቸግራቸው፣ አምቦ በእርሻ ሥራ የቆየ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል የራሱን የጃፓን ካሜራ ሸጠላቸው። ቀለም የሚያነሳ፣ ጥሩ ካሜራ ነበር። አንድ ዓመል ብቻ ነበረበት። በእያንዳንዱ ፎቶ ታች፣ በስተቀኝ ጥግ ላይ፣ እንደ ፍም የቀላ ቁጥር ያትማል፤ ፎቶው የተነሳበትን ቀን፣ ወርና ዓመት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ማጥፊያው ቁልፍ ተሰብሯል። ባትሪው ከወጣ ደግሞ ካሜራው ራሱ አይሠራም። አንድ ጊዜ ከእኔ ፕላስተር ለምነው ቁጥሩ የሚወጣበትን ቦታ ከውስጥ ሸፈኑት፤ ፕላስተሩ ፊልሙን ቧጥጦ የአንድ ሠርግ ፎቶ በሙሉ በጭረት ተበላሸ።

ሰው መጀመሪያ ላይ ወዶት ነበር፤ ዘመናዊ መሰለው። እየቆየ ጠላው። አንዷ ሙሽራ ፎቶውን ጠረጴዛቸው ላይ ወርውራ፣ «ቬሎዬ ላይ ታርጋ ለጠፉብኝ!» ብላ አልቅሳለች። ኦቦ ፈይሳ ሳቁ፤ ግን እሳቸውም አልወደዱትም። «ፊት ራሱ ቀን አለው» ይሉ ነበር፤ «የፊቱን ቀን ማንበብ ለማይችል ሰው ቁጥሩ ምን ሊጠቅመው ነው?»

ሳቃቸውን ያስጣላቸው የአዴ ጫልቱ ነገር ነው።

አዴ ጫልቱ የእጃጂ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ አምቦ ሲመጣ ተከትለውት መጥተው፣ መኪና ላይ ሳይወጣ ፎቶ አስነስተውት ነበር። ልጁ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ወሬው ጠፋ። እናቱ ፊደል አልቆጠሩም። ፎቶው ጥግ ላይ ያለው ቁጥር የልጃቸው የወታደር ቁጥር መሰላቸው። ያንን ፎቶ ይዘው ክረምት ከበጋ ቢሮ ለቢሮ ዞሩ። አንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው ይመራቸዋል፤ ሌላው ነገ ይመለሱ ይላቸዋል። ፎቶውን ተቀብሎ የተመለከተ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አንድ ቀን እኔ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ገቡ። ፎቶውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ።

«ኦቦ ፈይሳ፣ ይህችን ቁጥር አጉልተህ አውጣልኝ። አዲስ አበባ ድረስ ልሄድ ነው። ደቃቃ ስለሆነች ነው መሰለኝ አናነብልሽም አሉኝ።»

ኦቦ ፈይሳ ፎቶውን አዩት። ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው።

«አዴ፣ ይህ የልጅዎ ቁጥር አይደለም። ቀን ነው። ያን ዕለት እዚህ ሲነሳ ካሜራው በራሱ ጊዜ የጻፈው ቀን ነው።»

ሴትየዋ ፎቶውን ከኦቦ ፈይሳ እጅ ወስደው ቁጥሩን በጣታቸው ዳሰሱ። መንገዱ ላይ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ይሰማኛል።

«ታዲያ የልጄ ቁጥር ስንት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

 አዴ ጫልቱ ፎቶውን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኦቦ ፈይሳ ምላጭ ገዙ። የቀለም ፎቶ አምቦ ስለማይታጠብ ከአዲስ አበባ ታጥቦ የሚመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ቁጥሩን ፍቀው፣ የተፋቀበትን በቀለም ነካክተው ነበር ለባለቤቱ የሚሰጡት። ሣር ወይም አፈር ላይ ያረፈ ቁጥር ቶሎ ይጠፋል፤ ልብስ ላይ ያረፈ ግን ነጭ ጠባሳ ይተዋል።

በዚያን ጊዜ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ከታሸገ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። እኔ የተወለድኩት ከጴንጤ ቤተሰብ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ በኋላ በየሰው ቤት፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመርን እንጸልይ ነበር፤ የተገኘ ይታሰራል። በጥር ወር፣ በእምነት ያሳደጉን ሽማግሌ ወንጌላዊ ለሁልጊዜው ወደ ወለጋ ሊሻገሩ ሆነና፣ ጉደር በኦቦ ዲንሳ ጓሮ የስንብት ጸሎት ተደረገ። ኦቦ ዲንሳ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ባለ ሱቅ፣ አነጋገራቸው የሚከበር ሰው። እኔ ተረኛ ስለነበርኩ አልሄድኩም። ወንድሜ ገመቹና እጮኛው ሌሊሴ ነበሩ፤ ወንጌላዊው እጃቸውን ጭነው አገልግሎቱን የሚያስረክቧቸው ለእነሱ ነበር።

ፎቶ እንዲያነሱ ኦቦ ፈይሳን የለመነቻቸው ሌሊሴ ናት። እኔ ፊት ነው የተነጋገሩት።

«ይህ ካሜራ አፍ አለው» አሏት። «ያየውን ሳይናገር አያድርም። የድሮው ካሜራ አዲስ አበባ ለጥገና ሄዷል፤ እስኪመጣ ቆዩ።»

«ወንጌላዊው ነገ ጠዋት ነው የሚሄዱት፣ ኦቦ ፈይሳ። ከዚህ በኋላ አናያቸውም።»

ኦቦ ፈይሳ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አሰቡ። «እኔ መዝሙራችሁን አላውቅም» አሉ። «ፊታችሁን ግን አውቀዋለሁ። እሺ፣ እመጣለሁ።»

ሄደው አነሱ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ አየሁት፤ ያማረ ነበር። ወንጌላዊው መሐል ቆመው፣ ገመቹና ሌሊሴ ተንበርክከው፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ተከፍቶ፣ ምእመናኑ ከኋላ። ፊት ለፊት በስተቀኝ፣ ወንበር ላይ፣ ኦቦ ዲንሳ በአዲሱ ግራጫ ሱፋቸው ተቀምጠዋል። ቀኑም ልክ ጉልበታቸው ላይ፣ ቀልቶ።

ኦቦ ፈይሳ እየፋቁ ሳለ ኦቦ ዲንሳ ድርሻቸውን ሊወስዱ መጡ።

«ሱፌን በምላጭ ልትልጠው ነው እንዴ?»

«ሱፍህን አይደለም፣ ዲንሳ። ቀኑን ነው።»

«አየሁት፤ የፋቅኸውን አየሁት። ጉልበቴ ለምጽ የወጣበት መሰለ።»

«ለምጹ ይሻልሃል። ለምጽ አይናገርም።»

«እኔ ጌታዬን አምናለሁ። ቁጥር አልፈራም» አሉ ኦቦ ዲንሳ፤ ያልተፋቀውን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። ኦቦ ፈይሳ እስከ ደጅ ተከትለው ለመኗቸው። ኦቦ ዲንሳ አልሰሟቸውም። ፎቶውን መስተዋት አስገብተው መኝታ ቤታቸው ሰቀሉት።

ሐምሌ ላይ ፍተሻ ሆነ። ሬዲዮ ነው፣ ወረቀት ነው እየተባለ ቤት ለቤት ሲፈተሽ፣ ጉደር ላይ ያ ፎቶ ከግድግዳ ወረደ። የጸጥታው ኃላፊ ውጭ አገር የተማረ ሰው ስለነበር የፈረንጅ ቀን ማንበብ አላቃተውም። ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ በኋላ የተደረገ ስብሰባ መሆኑን አንብቦ፣ ወለጋ ከተሻገሩት ወንጌላዊ በቀር በፎቶው ላይ ፊታቸው የታየውን ሁሉ በአንድ ጠዋት አሰባስቦ አምቦ አመጣቸው። ወንድሜንም ሌሊሴንም።

ሰምቼ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቱ ሮጥኩ።

«የማንኛው ፎቶ ነው የተገኘው?» አሉኝ መጀመሪያ።

«የኦቦ ዲንሳ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተነሥተው ካሜራውን ከሣጥኑ አወጡ፣ በጨርቅ ጠቀለሉት፣ በሩን ዘጉና ወደ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ መራመድ ጀመሩ። ጎን ጎናቸው ሄድኩ።  ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ድልድዩ ላይ ሰው ያልፋል፤ ገበያተኛም ነበር። ጨርቁን ፈትተው ካሜራውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከድልድዩ ጠርዝ ውጭ አደረጉት።

«ኦቦ ፈይሳ፣ እንጀራዎ እኮ ነው!» አልኳቸው።

«ይህ ካለ ይመረምሩታል። አንድ ፎቶ አንሥተው ቀኑ ልክ መሆኑን ያያሉ። ከሌለ ግን የእኔ ቃል ነው የሚቀረው» አሉና ለቀቁት። ከዚያም ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በማግሥቱ ሳይጠሩ በእግራቸው ሄደው ቃላቸውን ሰጡ።

ቀጥሎ ያየኋቸው ከሳምንታት በኋላ፣ ሁለት ጠባቂ ደግፎ ሆስፒታል ሲያመጣቸው ነው። የውስጥ እግራቸው ተገልብጦ ተገርፎ ቁስሉ አመርቅዟል። ተራው የእኔ ስላልነበረ ከባልደረባዬ ለምኜ ወሰድኩት። ጠባቂዎቹ በር ላይ ሲያጨሱ፣ ቁስሉን እያጠብኩ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እርስዎ ምን አሏቸው?»

«ፎቶው የድሮ ነው አልኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይታሸግ የተነሳ ነው፤ ካሜራው ስገዛው ጀምሮ ቀኑ የተሳሳተ ነበር አልኳቸው።»

«አመኑዎት?»

«ያ ኃላፊ ብልጥ ነው። በሚያዝያ የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ያነሣሁትን ፎቶ ከቢሮው ግድግዳ አውርዶ አመጣ። ‹ይኸው፣ እዚህ ልክ ጽፏል› አለኝ። ‹ጓድ፣ ለሰልፉ ክብር ብዬ ያን ሰሞን አስተካከልኩት፤ ከዚያ በፊት የጻፈው ሁሉ ውሸት ነው› አልኩት። ካሜራውን አምጣ አለኝ። ወንዝ ገባብኝ አልኩት።» እዚህ ላይ ሊስቁ ሞክረው አመማቸው። «ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ እያጠብሽው ነው።»

«ኦቦ ፈይሳ፣ ለምን?» አልኩ፤ እንባዬ አልቆም ብሎኝ።

«እኔ ነኛ ያነሣኋቸው፣ ኢንተላ ኮ።»

ቃላቸውን አልቀየሩም። የታሰሩት ምእመናንም ፎቶው መቼ እንደተነሳ ሲጠየቁ ዝም አሉ፤ ዋሽተን እግዚአብሔርን አናሳዝንም፣ ተናግረንም ወንድሞቻችንን አናስይዝም አሉ። ዝምታቸው ያዋጣቸው ከጎኑ የኦቦ ፈይሳ ውሸት ስለቆመ ነው። ከፎቶው በቀር ማስረጃ አልነበረም፤ የፎቶው ቀን ደግሞ ልክ ነው ብሎ የሚያረጋግጥ ጠፋ። በሁለተኛው ወር ምእመናኑ ሁሉ ተፈቱ። ኦቦ ፈይሳ መረጃ አጥፍተዋል ተብለው ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ታስረው ቆዩ።

ፎቶ ቤቱ የቀበሌ ቤት ስለነበር ለሌላ ሰው ተሰጠ። አዴ አስካለ ጉሊት ተቀምጠው ሽንኩርትና ቃሪያ መሸጥ ያዙ። ሌሊሴ መጀመሪያ ላይ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ታመላልስ ነበር። ገመቹ ነው ያስቆማት። «ሰው ያየናል። እንደገና ያስይዙናል» አላት። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ጊዜው ክፉ ነበር። ያልገባኝ፣ ኦቦ ፈይሳ ከተፈቱ በኋላ የሆነው ነው። እግራቸው አነከሰ፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ስለነበር ካሜራ ቢሰጣቸው እንኳ አይዙትም። ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆኑ። ምእመናኑ አዋጥተው ይርዷቸው ብዬ ሐሳብ ባቀርብ፣ ኦቦ ዲንሳ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«እህቴ፣ ሰውዬው ይጠጣል። የጌታን ስጦታ አረቄ ልናደርገው ነው?»

የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። ወንድሜም ነቀነቀ። እኔ የምችለውን ከደመወዜ አደርግ ነበር፤ ኦቦ ፈይሳ ግን ሁልጊዜ ለአስካለ ስጫት ይሉኛል እንጂ በእጃቸው አልተቀበሉኝም።

ከዚያ መንግሥቱ ወደቀ። የቤተ ክርስቲያናችን እሽግ ተነሣ። ግድግዳው ተቀብቶ፣ መስኮቱ መስተዋት ገብቶለት ትልቅ የምስጋና ቀን ተደረገ። ሰው ከጊንጪም ከጉደርም መጣ። ኦቦ ፈይሳን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። እምቢ ብለው ነበር፤ አዴ አስካለ ኮታቸውን አጥበው ሲሰጧቸው እሺ አሉ። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የእጃቸው መንቀጥቀጥ እንዳይታይ በባርኔጣው ሸፍነውታል።

የታሰሩት ወደ መድረክ ተጠሩ። ገመቹ ወጣ፤ ሌሎቹም ወጡ። ከገመቹ ጋር የተጋባችው ሌሊሴ ሕፃን ልጃቸውን ታቅፋ ስለነበር በቦታዋ ቀረች። ምስክርነቱን የሰጡት ኦቦ ዲንሳ ናቸው። ድምፃቸው ያምራል።

«ወንድሞችና እህቶች» አሉ፤ «በዚያ ጨለማ ዘመን እግዚአብሔር ከእሳት አወጣን። እንዴት አወጣን? ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ሳይዋሽ! አንደበታችንን በሐሰት ሳናረክስ!»

ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ወደ ኦቦ ፈይሳ ማየት አቃተኝ። መድረኩ ላይ ወዳለው ወንድሜ አየሁ። ጫማውን ያያል።

በዚያ እልልታ መካከል ሌሊሴ ሕፃኑን እንደታቀፈች ተነሣች።

«ኦቦ ፈይሳን አስ ጅራ!» ብላ በኦሮምኛ ጮኸች። «እዚህ አለ! ስለ እኛ የተገረፈው ሰው እዚህ ተቀምጧል እኮ! ስሙን ጥሩት እንጂ!»

 ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ ተመለከተ። ኦቦ ዲንሳ ግን አልደነገጡም። በእርጋታ፣ ልጅ እንደሚመክሩ፣ «ልጄ፣ ሰውየውን እናከብራለን። ነገር ግን ውሸት በእግዚአብሔር ቤት አይመሰገንም። ተቀመጪ» አሉና ለመዘምራኑ እጃቸውን አነሡ። መዝሙሩ ተጀመረ።

ኦቦ ፈይሳ መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። እግራቸው ስለሚያማቸው መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ይቅር ይበሏቸው» አልኩ።

«ምን በደሉና?» አሉኝ። «እውነታቸውን ነው፤ እነሱ አልዋሹም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ከዚያም እየተነሡ፣ «ጥሩ ካሜራ ነበር ግን» አሉ።

በሳምንቱ ገመቹ አንድ በግ ገዝቶ መጣ። ሌሊሴ ነች ያስገዛችው። ሦስታችን ሕፃኑን ይዘን ወደ ኦቦ ፈይሳ ቤት ሄድን፤ በጉን የሚስበው ገመቹ ነበር። ከአጥሩ ደጅ ቆመን አንኳኳን። ኦቦ ፈይሳ በሩን ገርበብ አድርገው ማን ማን እንደሆንን አዩ።

«ሌሊሴ ትግባ» አሉ። «አንቺም ግቢ፣ ኢንተላ ኮ።»

ገመቹ በጉን ይዞ ሊከተለን ሲል በሩን በእጃቸው ያዙት።

«አንተ እዚያው።»

«ኦቦ ፈይሳ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ ወንድሜ።

«እሷ ሰው ፊት አፏን ከፈተችልኝ፤ እኔም በሬን ከፈትኩላት። አንተ መድረክ ላይ ነበርክ፤ ከእሷ ይልቅ ለመናገር ትቀርብ ነበር።»

ድምፃቸውን አላሳደጉም። በሩን ዘጉ።

ውስጥ ብዙ ተቀመጥን። አዴ አስካለ ቂጣ አቀረቡልን፤ ኦቦ ፈይሳ ሕፃኑን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ አገጩን በጣታቸው ጀርባ ቀና እያደረጉ ያስቁት ነበር። ገመቹን ላስገባው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ሌሊሴም አልጠየቀችም። ስንወጣ ወንድሜ የበጉን ገመድ እጁ ላይ ጠምጥሞ፣ እዚያው ካቆምነው ቦታ፣ ዝናብ መትቶት ቆሟል። ሌሊሴ ሕፃኑን ሰጠችውና ገመዱን ተቀበለችው።

በጉን መልሰን ወሰድነው።